የራሺድ ካን የመጀመሪያ ዓመታት

ራሺድ ካን እ.ኤ.አ. በ1998 በምሥራቅ አፍጋኒስታን፣ በናንጋርሃር ክፍለ ሀገር ተወለደ። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ጦርነቱን ሸሽቶ ፓኪስታን ገባ፤ ከዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። ክሪኬት ራሱ በአፍጋኒስታን የተስፋፋው በዚሁ የስደት መንገድ ነው። በፓኪስታን የስደተኞች መጠለያዎች ያደጉ ወጣቶች ጨዋታውን እዚያ ተምረው ሲመለሱ ይዘውት ገቡ። ራሺድም መጀመሪያ የለመደው ከወንድሞቹ ጋር በመጫወት ነው።

በክሪኬት ወርዋሪው ኳሱን መሬት አንጥሮ ወደ መቺው ይልካል። መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ ኳሱን መትቶ ነጥብ ያስቆጥራል። ወርዋሪው መቺውን ካሰናበተ አንድ «ዊኬት» ይቆጠርለታል፤ ስድስት ውርወራ ደግሞ አንድ «ኦቨር» ይባላል። ራሺድ የሌግ ስፒን ወርዋሪ ነው። በእጅ አንጓው አሽከርክሮ የሚለቀው ኳስ መሬት ነክቶ ሲነሣ ከቀኝ እጅ መቺ ይርቃል። «ጉግሊ» የተባለው ውርወራ ግን በተቃራኒው ወደ መቺው ይታጠፋል። ልምድ ያለው መቺ የወርዋሪውን አንጓ አይቶ የትኛው እንደሚመጣ ይለያል። የራሺድ ክንድ ግን ከሌሎች የዚህ ስልት ወርዋሪዎች እጅግ ይፈጥናል። መቺው አንጓውን አይቶ ሳይጨርስ ኳሱ ይደርስበታል፤ የችሎታው ምሥጢርም በዋነኛነት እዚህ ላይ ነው።

በጥቅምት 2015፣ በ17 ዓመቱ፣ ከዚምባብዌ ጋር በቡላዋዮ በተደረገ ጨዋታ ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈ። ዓለም በሰፊው ያወቀው በ2017 ነው። በመጋቢት ከአየርላንድ ጋር በተደረገ የ20 ኦቨር ጨዋታ በሁለት ኦቨር 3 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ 5 መቺዎችን አሰናበተ። በዚያው ዓመት የሕንድ ፕሪምየር ሊግ ክለብ ሰንራይዘርስ ሃይደራባድ በ40 ሚሊዮን ሩፒ ወሰደው፤ በ14 ጨዋታም 17 ዊኬት አገኘ። በሰኔ ወር በሴንት ሉሲያ ዌስት ኢንዲስን ሲገጥሙ 18 ነጥብ ሰጥቶ 7 ዊኬት ወሰደ። አፍጋኒስታን በዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ሙሉ አባልነት ያገኘችው በዚያው ወር ነው።

በመጋቢት 2018 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በዚምባብዌ ሲካሄድ የቡድኑ አምበል በትርፍ አንጀት ሕመም ቀረ። የ19 ዓመቱ ራሺድ ቡድኑን መራ፤ በአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ጨዋታም እስከዚያ ከታዩት አምበሎች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ሆነ። በፍጻሜው 100ኛ ዊኬቱን ሲያገኝ ገና 44ኛ ጨዋታው ነበር፤ የአውስትራሊያዊው ሚቸል ስታርክ ክብረ ወሰን 52 ጨዋታ ነበር።

እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀው «ቴስት» ግን ሌላ ፈተና ነው። በአጭሩ ጨዋታ መቺው ለነጥብ ስለሚቸኩል ይሳሳታል፤ በቴስት ግን ታግሦ የሚመቸውን ኳስ መጠበቅ ይችላል። አፍጋኒስታን በሰኔ 2018 የመጀመሪያ ቴስቷን በቤንጋሉሩ ከሕንድ ጋር አድርጋ በሁለት ቀን ተሸነፈች፤ ራሺድም 154 ነጥብ ሰጥቶ ያገኘው 2 ዊኬት ብቻ ነው። በአጭሩ ጨዋታም ክፉ ቀን አልቀረለትም። በ2019 የዓለም ዋንጫ፣ በማንቸስተር፣ እንግሊዞች በ9 ኦቨር 110 ነጥብ አስቆጠሩበት፤ አንድ ዊኬት እንኳ አላገኘም። በዓለም ዋንጫ ታሪክ እስከዚያ ይህን ያህል ነጥብ የሰጠ ወርዋሪ አልነበረም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሁሉም ዓይነት ጨዋታዎች አምበል ተደረገ። በመስከረም 2019 በባንግላዴሽ፣ በቻቶግራም ከተማ፣ የቴስት ቡድኑን ሲመራ 21 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር፤ በዚህም በቴስት ታሪክ በዕድሜ ትንሹ አምበል ሆነ። በዚያ ጨዋታ 51 ነጥብ አስቆጠረ፤ በሁለቱ ዙሮችም በአጠቃላይ 11 ዊኬት ወሰደ። በመጨረሻው ቀን ዝናቡ ጨዋታውን ለረጅም ሰዓት አቋርጦት ስለነበር ባንግላዴሾች በአቻ ውጤት ሊያመልጡ ተቃርበው ነበር። የመጨረሻውን መቺ ያሰናበተው ራሱ ራሺድ ነው፤ አፍጋኒስታንም ጥቂት ኦቨሮች ሲቀሩ በ224 ነጥብ ብልጫ አሸነፈች።