ለአንድ ስኒ ቡና የተጠራ ወርዋሪ

የቤዝቦል ወርዋሪው ኳሷን ለቀቀና ክንዱን አራገፈ። አንዴ ብቻ ነው፤ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ቀላቢው ግን አይቷል። ጭምብሉን አናቱ ላይ ሰቅሎ ወደ ጉብታው እየተራመደ ነው፤ አሰልጣኙና ወጌሻው ከኋላው ይከተላሉ። ክርኑን ይነካኩታል፣ ጥቂት ይነጋገራሉ፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ አብሯቸው ይወጣል። ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። በዚያው ሰዓት፣ በሌላ አነስ ያለ ከተማ ሆቴል ውስጥ፣ አንድ ወጣት ወርዋሪ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይህንኑ ጨዋታ በስልኩ ያይ ይሆናል። በሰው ጉዳት መደሰት ነውር መሆኑን ያውቃል። ልቡ ግን መምታት ጀምሯል።

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወገን በሰመር ምሽት ቀይ ቆብ ያጠለቀ ሕዝብ ኔቪ ያርድ ወዳለው የቤዝቦል ሜዳ ሲጎርፍ ማየት ብርቁ አይደለም። ብዙዎቻችን ሕዝቡን በታክሲ እስከ በሩ አድርሰን እንመለሳለን እንጂ ውስጥ የሚደረገው ነገር አይገባንም፤ ቤዝቦል ለእግር ኳስ ሰው ቶሎ የሚገለጥ ጨዋታ አይደለም። እኔም ወለል ብሎ የታየኝ ኳሷን መከታተል ትቼ የሚገቡትንና የሚወጡትን ሰዎች መቁጠር ስጀምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር አለው። ወርዋሪው ከሚቆምበት ጉብታ እስከ መቺው ያለው ርቀት 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ፈጣኗ ኳስ ይህን የምታልፈው በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር በሚደርስና በሚበልጥ ፍጥነት ነው። ይህን ደጋግሞ የሚችል ክንድ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ የጀመረው ወርዋሪ አምስት ወይም ስድስት ዙር ያህል ከተጓዘ በኋላ ቀሪውን ለተተኪዎች ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው የዱላ ቅብብል ይሆናል። ተተኪዎቹ ተራቸውን የሚጠብቁበት ቦታ «ቡልፔን» ይባላል፤ የኮርማ በረት ማለት ነው። ስልክ አለ፤ ከአሰልጣኙ ይደወላል፤ አንዱ ተነስቶ ክንዱን ያሟሙቃል።

አንድ ክለብ በየዕለቱ ለጨዋታ የሚያዘጋጀው 26 ሰው ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ወርዋሪዎች ከ13 መብለጥ አይችሉም። አምስቱ ጨዋታ የሚጀምሩ ከሆኑ ለበረቱ ስምንት ይተርፋሉ። የውድድር ዘመኑ ደግሞ 162 ጨዋታ ነው፤ ብዙ ሳምንት ያለ ዕረፍት ቀን ወይም በአንድ የዕረፍት ቀን ብቻ ያልፋል። ከስምንቱ አንዱ ሲጎድል የእሱን ሸክም ሰባቱ ተከፋፍለው ቢሸከሙ በአራተኛው ቀን የሁሉም ክንድ ይዝላል። እግር ኳስ ቢሆን አሰልጣኙ ከተጠባባቂ ወንበር አንዱን ያስነሳል፣ ነገሩም ያልቃል። እዚህ ግን ተጠባባቂው ወንበር ያለው ሌላ ከተማ ነው።

በላይኛው ሊግ፣ በሜጀር ሊግ፣ ያሉት ሠላሳ ክለቦች እያንዳንዳቸው ከሥራቸው አራት የታችኛው ሊግ፣ የማይነር ሊግ፣ ቡድኖች አሏቸው፤ አሜሪካኖች ይህን ሥርዓት «እርሻ» ብለው ይጠሩታል፤ እውነትም ችግኝ የሚፈላበት ቦታ ነው። ከአራቱ ለላይኛው የሚቀርበው ደረጃ ትሪፕል ኤ ይባላል። የሚኒሶታ ክለብ የትሪፕል ኤ ቡድኑ እዚያው ጎረቤት ሴይንት ፖል ስለሆነ የተጠራው ልጅ በመኪና ይደርሳል። የዋሽንግተኑ ግን ከኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር፣ ከሮቸስተር ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሌሊት ተነግሮት ጠዋት አውሮፕላን ላይ ነው።

ማን ይጠራል? ምርጡ የሚጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም፤ ወይም ሁልጊዜ አይደለም። ምርጡ ልጅ ትናንት ማታ 35 ኳስ ወርውሮ ከሆነ ዛሬ ክንዱ አይታዘዘውም፤ ሁለት ቀን ያረፈው ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ የወረቀቱ ጣጣ አለ። እያንዳንዱ ክለብ 40 ስም የያዘ ትልቅ መዝገብ አለው፤ 26ቱም የሚወጡት ከዚሁ ነው። ስሙ እዚያ የሌለን ሰው ለመጥራት መዝገቡ ሞልቶ ከሆነ አንድ ሌላ ስም መፋቅ አለበት። የተጎዳው ወርዋሪ በ15 ቀኑ የጉዳተኞች መዝገብ ብቻ ከገባ ከ26ቱ ይወጣል እንጂ ከ40ው አይወጣም። ጉዳቱ ከብዶ ወደ 60 ቀኑ መዝገብ ከተዛወረ ግን ስሙ ከ40ው አይቆጠርም፤ ለአዲስ ስም ቦታ ይከፈታል። ስለዚህ ለወጣቱ የሐኪሙ ቃል ትልቅ ትርጉም አለው፤ «ትንሽ ተወጥሯል» ከተባለ አንድ ነገር ነው፣ «ጅማቱ ተበጥሷል» ከተባለ ሌላ።

የክርን ጅማት ሲበጠስ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የሚጠራው በሐኪሙ ሳይሆን በታካሚው ስም ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ዶክተር ፍራንክ ጆብ የሎስ አንጀለሱን ወርዋሪ ቶሚ ጆንን ከሌላኛው ክንዱ በወሰደው ጅማት ጠገነው። ሰውየው በ1976 ተመልሶ ከዚያ በኋላ 164 ጨዋታ አሸንፏል። ዛሬም ማገገሚያው ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ያላነሰ ይፈጃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በ2025 በሜጀር ሊግ ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር፤ የሚከፈለው በቀን ተሰልቶ ስለሆነ ለአንድ ቀን ከ4,000 ዶላር በላይ ይመጣል። የማይነር ሊግ ተጫዋቾች በ2023 ባገኙት የመጀመሪያ የኅብረት ስምምነት ደግሞ የትሪፕል ኤ ዝቅተኛ ክፍያ በዓመት 35,800 ዶላር ሆነ። አስሉት፤ ላይ ዘጠኝ ቀን የቆየ ልጅ ታች ዓመቱን ሙሉ የሚያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ይህ የሌላውን ሰው ክርን በስልክ እያየ ልቡ የሚመታውን ልጅ ብዙም እንዳይታማ የሚያደርገው ይመስለኛል። ላይ 43 ቀን ከሞላው ደግሞ የጡረታ መብት ያገኛል።

የተጎዳው ሰው አይጣልም። ጉዳተኞች መዝገብ ላይ ተቀምጦ ሙሉ ደመወዙን ይቀበላል፤ የአገልግሎት ዘመኑም ይቆጠርለታል። አስቂኙ ነገር፣ እሱ ድኖ ሲመለስ የሚወርደው ጤነኛው ነው። ለዚህ የሚያገለግለው «ኦፕሽን» የሚሉት መብት ነው፤ ክለቡ አንድን ተጫዋች በሦስት የውድድር ዘመናት ውስጥ፣ ሌላ ክለብ ሳይነጥቀው፣ ወደ ታች ሊልከው ይችላል። ኦፕሽን ያልጨረሰ ወርዋሪ ለክለቡ እንደ ዝርዝር ብር ነው፤ ባስፈለገ ጊዜ ከኪስ ይወጣል፣ ይመለሳል። መመላለሱ ሲበዛ ግን ተጫዋቾቹ አጉረመረሙና ከ2022 ጀምሮ በአንድ የውድድር ዘመን ከአምስት ጊዜ በላይ በኦፕሽን ማውረድ ተከለከለ። የወረደ ወርዋሪም 15 ቀን ሳይሞላው ተመልሶ አይጠራም፤ አንድ ሰው ተጎድቶ እሱን የሚተካ ከሆነ ግን በማግሥቱም ይጠራል። እዚህም የአንዱ በር የሚከፈተው በሌላው ክንድ ነው።

ጥቂት ቀን ብቻ ላይ ቆይቶ የወረደን ተጫዋች አሜሪካኖች «አንድ ስኒ ቡና ጠጣ» ይሉታል። የቡና አገር ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። የእኛ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚያቆይ ነው፤ የእነሱ ቆሞ የሚጨለጥ።

እስከ በረካ የቆየም አለ። ወርዋሪው ፍራንሲስኮ ሮድሪጌዝ የካራካስ ልጅ ነው። በ2002 ዓመቱን የጀመረው በማይነር ሊግ ሲሆን፣ አናሃይም ኤንጀልስ የጠራው ሴፕቴምበር ላይ፣ በ20 ዓመቱ ነው። የዚያን ጊዜው ደንብ እስከ ኦገስት 31 በዋናው ቡድን ያልነበረ ሰው የጥሎ ማለፉን ውድድር እንዳይጫወት ይከለክል ነበር፤ ነገር ግን ለተጎዳ ሰው መተኪያ የሚሆን ቀዳዳ ትቶ ነበር። ክለቡ ጉዳተኞች መዝገብ ላይ የነበረ ወርዋሪ ነበረውና ልጁን በእሱ ቦታ አስገባው። ከዚያ በፊት አምስት ጨዋታ ብቻ የገባው ይህ ልጅ በዚያ ኦክቶበር አምስት ድል ተመዘገበለት፣ 28 መቺዎችን በስትራይክ አውት አሰናበተ፤ ኤንጀልስም ሳን ፍራንሲስኮን በሰባት ጨዋታ ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። በመደበኛው ውድድር ግን እስከዚያ አንድም ድል አልነበረውም። ከስድስት ዓመት በኋላ በአንድ የውድድር ዘመን የቡድኑን መሪነት እስከ መጨረሻው ጠብቆ 62 ጨዋታ በመዝጋት ክብረ ወሰን ሰበረ።

ላሪ ዮውንት ግን ስኒው ከአፉ ሳይደርስ ነው የተነጠቀው። ወንድሙ ሮቢን ከ3,000 ምት በላይ ያስመዘገበ፣ የቤዝቦል ክብር አዳራሽ የገባ ሰው ነው። ላሪ 21 ዓመቱ ነበር፤ የሂዩስተን ክለብ ጠርቶት ነበር። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1971፣ ቡድኑ ከአትላንታ ጋር ሲጫወት፣ በዘጠነኛው ዙር ስሙ ታወጀና ወደ ጉብታው ወጣ። ክርኑን ቀድሞም እያመመው ነበር። የማሟሟቂያ ኳሶች ሲወረውር ሕመሙ ባሰበት፤ ወጌሻው መጣ፤ ላሪም ለአንድ መቺ እንኳ ሳይወረውር ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማይነር ሊግ ዓመታት ሞከረ፤ ተመልሶ አልተጠራም። ስሙ አንዴ በመታወጁ ግን በደንቡ መሠረት እንደ ተጫወተ ይቆጠራል፤ መዝገቡ ላይ ዛሬም አንድ ጨዋታ፣ ዜሮ መቺ ይላል። የዚያን ምሽት ዘጠነኛ ዙር ሌላ ተተኪ ገብቶ ጨረሰው።