ጥርስ ያነጣል የተባለ ሳሙና ጥርሱ ላይ ምን ይሠራል?

የጥርስ ቀለም ከሁለት ቦታ ይመጣል፦ ከላዩ ከሚለጠፍበትና ከራሱ ከውስጡ። «ያነጣል» ተብሎ የሚሸጠው የጥርስ ሳሙና አቅሙ በዋናነት ላዩ ላይ ያለውን ማስለቀቅ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጥርሱንም የሚጎዳው ይህን ባለመለየት ነው።

ጥርስ በተጸዳ በደቂቃዎች ውስጥ ከምራቅ የሚመጣ ስስ የፕሮቲን ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ ጥርስን ከአሲድ ስለሚከላከል ጠቃሚ ነው። ግን የቡናና የሻይ ቀለም፣ የሲጋራም ጭስ እዚያው ላይ ይይዛል። ከአቦል እስከ በረካ ሳያጓድል የሚጠጣ ሰው የታች የፊት ጥርሶቹን ጀርባ በመስታወት ቢያይ ቡናማ መስመር ሊያገኝ ይችላል።

ይህን የሚፍቀው ሳሙናው ውስጥ ያለ ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሲሊካ ወይም ካልሲየም ካርቦኔት። ተራውም የጥርስ ሳሙና ይኖረዋል፤ የሚያነጣው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ የበለጠ ይሻክራል። አንዳንዱ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል። ቀለሙ ለጊዜው ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ቢጫውን ከዓይን ይሰውራል እንጂ ጥርሱን አይለውጠውም።

አሁን ወደሚፋቀው ነገር እንምጣ። የጥርስ የላይኛው ንጣፍ ኢናሜል ይባላል። ከክብደቱ 96 በመቶ ገደማው ማዕድን ሲሆን ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። ሆኖም የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድድን ቀዶ ሲወጣ ይጠፋሉ። አጥንት ቢሰበር ይጠግናል፤ ተፍቆ ያለቀ ኢናሜል ግን ተመልሶ አይበቅልም። ምራቅና ፍሎራይድ የላላውን ያጠነክራሉ፤ የሄደውን ውፍረት አይመልሱም።

ከሥሩ ያለው ዴንቲን በተፈጥሮው ቢጫማ ነው። ኢናሜሉ በሳሳ ቁጥር ይኸው ቢጫ ይበልጥ እየታየ ይመጣል። «አልነጣ አለ» ብሎ በጠንካራ ብሩሽ አብዝቶ የሚፍቅ ሰው የሚሸሸውን ቢጫ ራሱ እያወጣው ነው። ድድ በሸሸበት ቦታ ደግሞ ዴንቲኑ ስለሚጋለጥ ቶሎ ይቦረቦራል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካውም ጥርሱ ይጠዘጥዛል።

የሳሙና ሻካራነት አርዲኤ በሚባል መለኪያ ይታወቃል፤ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ጣሪያ 250 ነው። ችግሩ ቁጥሩ ቱቦው ላይ ተጽፎ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ የሚያነጣውን ሳሙና የዕለት ተዕለት ባናደርገው፣ ብሩሹም ለስላሳ ቢሆን ይሻላል።

ጥርስ ለማንጣት ተብለው የሚታሹት ሎሚና ከሰል ግን ከሁሉም የከፉ ናቸው። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 5.5 አካባቢ ሲወርድ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ነው። በሎሚ አላልቶ በከሰል መፈግፈግ ጥርስን በገዛ እጅ መሞረድ ነው። ብዙዎቹ የከሰል ሳሙናዎች ደግሞ ፍሎራይድ የላቸውም።

የጥርስን የውስጥ ቀለም የሚለውጠው ፐሮክሳይድ የተባለው ኬሚካል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ0.1 በመቶ በላይ ፐሮክሳይድ ያለው ምርት በቀጥታ ለተጠቃሚ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ እስከ 6 በመቶ ያለው በጥርስ ሐኪም በኩል ብቻ ነው። ሳሙና ውስጥ ያለው ትንሽ ነው፣ እሱም ወዲያው ይተፋል።

በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሃራ አካባቢ ላደጉ ሰዎች ግን አንድ ነገር ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በአካባቢው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። በልጅነት ጥርስ ሲሠራ እንዲህ ያለ ውሃ ከተጠጣ ኢናሜሉ ከመነሻው ተዛብቶ ይወጣል፤ ቡናማውም ነጠብጣብ ከዚያ ይመጣል። ባለቤቱን «ጥርስህን አትፍቅም እንዴ?» ማለት ግፍ ነው፤ ቢፍቅም አይለቅም። ቀለል ያለውን ሐኪም ከላይ በስሱ በማንሳት ሊያስተካክለው ይችላል፤ ጠለቅ ያለው በጥርስ መልክ በተሠራ ሙሌት ወይም ልባስ ይሸፈናል።