በኮምፒውተር የህዋስ ልኬት (የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር)

በኮምፒውተር የህዋስ ልኬት ማለት ከማህፀን በር የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ላይ በተገጠመ ካሜራ ፎቶ ተነስቶ፣ የህዋሳቱ መጠን፣ ቅርጽና የቀለም ጥልቀት በቁጥር የሚለካበት ዘዴ ነው። የቅድመ ካንሰር ለውጥን ደረጃ ለመወሰን የፓቶሎጂስቱን ዓይን ያግዛል።

ደረጃዎቹ

በጤናማ የማህፀን በር ሽፋን ውስጥ ህዋሳት ከታች ተፈጥረው ወደ ላይ ሲወጡ ይበስላሉ፤ ኒውክለሳቸው እያነሰ ሳይቶፕላዝማቸው እየሰፋ ይሄዳል። ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤችፒቪ) ይህን ሂደት ሊያውክ ይችላል። ያልበሰሉት ህዋሳት የሽፋኑን የታችኛውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ከያዙ ለውጡ ደረጃ 1፣ እስከ ሁለት ሦስተኛ ከደረሱ ደረጃ 2፣ ከዚያ ካለፉ ደረጃ 3 ይባላል።

ልዩነቱ ሕክምናውን ይወስናል። ደረጃ 1 አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚጠፋ በክትትል ብቻ ይያዛል። ደረጃ 3 ግን ካልታከመ ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል የተጎዳው ክፍል ይወገዳል። ያለ በቂ ምክንያት ማስወገድም ጉዳት አለው፤ ወደፊት ያለ ጊዜው የመውለድን ዕድል ሊጨምር ይችላል። ሆኖም ሁለት ፓቶሎጂስቶች ለአንድ ናሙና፣ በተለይ በደረጃ 2 አካባቢ፣ የተለያየ ደረጃ ሊሰጡ ይችላሉ።

የሚለካው

ኮምፒውተሩ የኒውክለሱን ስፋት፣ ከሳይቶፕላዝሙ ጋር ያለውን ምጣኔ፣ የጠርዙን መዛባትና የክሮማቲኑን አሰራጭ ይለካል። ለውጡ በከፋ ቁጥር ኒውክለሱ ከህዋሱ የሚይዘው ድርሻ ይጨምራል። ፎይልገን የተባለው ማቅለሚያ ከዲኤንኤ መጠን ጋር ተመጣጥኖ ስለሚቀልም፣ የቀለሙ ጥልቀት የዲኤንኤውን መጠን ያሳያል። ጤናማ የሰውነት ህዋስ 46 ክሮሞዞሞች አሉት፤ ሊከፋፈል ሲዘጋጅም ዲኤንኤው እጥፍ ይሆናል። ከእነዚህ መጠኖች ውጭ የሆነ ልኬት የክሮሞዞም መዛባትን ይጠቁማል።

ታሪክና ውስንነት

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ሳይቶአናላይዘር የተባለ መሣሪያ ጤናማ ናሙናዎችን በብዛት አጠራጣሪ ስላለ አልተሳካም። በ1995 እ.ኤ.አ. ፓፕኔትና አውቶፓፕ የተባሉ መሣሪያዎች የአሜሪካን መንግሥት ፈቃድ አገኙ፤ ሥራቸው ግን ደረጃ መስጠት ሳይሆን የፓፕ ምርመራ ናሙናዎችን ዳግም ማጣራት ነበር።

የተደራረቡ ህዋሳት ልኬቱን ያሳስታሉ። ብግነትም ያለ ቅድመ ካንሰር ኒውክለስን ሊያተልቅ ይችላል። በባዮፕሲ ቀጭን ቁራጭ ላይ ደግሞ ኒውክለሱ ራሱ ስለሚቆረጥ ዲኤንኤው ከእውነተኛው አንሶ ይለካል። ስለዚህ ልኬቱ ረዳት ማስረጃ ሲሆን፣ ደረጃውን የሚሰጠው ፓቶሎጂስቱ ነው።