ስሪ ዲ ምስል ዓይንን ሲያደክም እንዴት ይለካል?

ከአቀስታ ወጣ ብሎ የለጋምቦን ደጋ አሻግሮ የሚያይ ሰው ዓይኖቹን እያሳረፈ ነው። ከ6 ሜትር ለራቀ ነገር የጤናማ ዓይን ሌንስ እምብዛም አይለፋም፤ ሁለቱ ዓይኖችም ቀጥ ብለው ያያሉ። ያው ሰው ስልኩን 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲያነብ ግን ሌንሱ በ2.5 ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ይወፍራል፣ ዓይኖቹም ወደ አፍንጫው ዘወር ይላሉ። ሁለቱ ሥራዎች እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲራመድ ሌላውን ይስበዋል።

ስሪ ዲ ይህን ጥምድ ያላቅቃል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ለእያንዳንዱ ዓይን ጥቂት የተለያየ ሥዕል ቢቀርብለት አእምሮ ከሁለቱ ጥልቀት ያወጣል። የዛሬው ሲኒማና የቪአር (የምናባዊ እውነታ) መነጽርም የሚሠሩት በዚሁ መላ ነው። ከስክሪኑ የተወረወረ ኳስ አፍንጫችን ሥር የደረሰ ሲመስለን ዓይኖቻችን ተከትለውት ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከስክሪኑ ነውና ሌንሱ ግን እዚያው መቅረት አለበት። የሁለቱ ርቀት ልዩነት በዳዮፕተር ይሰላል።

ድካሙ በእርግጥ ከዚህ ልዩነት መምጣቱን ለመፈተን የካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲው ማርቲን ባንክስና ባልደረቦቹ ሌንሱም ዓይኖቹም ወደ አንድ ርቀት እንዲያነጣጥሩ ማድረግ የሚችል ልዩ ማሳያ ተጠቀሙ። ከዚያ የተስማማውንና ያልተስማማውን ምስል ለተመሳሳይ ሰዎች አሳዩ። በ2008 ያወጡት ውጤት ግልጽ ነበር፦ ሲስማማ ሰዎቹ ጥልቀቱን ፈጥነው ለዩ፣ ድካማቸውም ቀነሰ። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ነው የተለወጠው። በ2011 ደግሞ የምቾትን ወሰን ለኩ። ሩቅ በሆነ የሲኒማ ስክሪን ይበልጥ የሚያስቸግረው ወደ ኋላ የራቀ ምስል ነው፤ እንደ ስልክ ቅርብ በሆነው ግን ወደ ፊት የወጣው።

ማቅለሽለሽና ማዞር ሲጨመር መለኪያው መጠይቅ ነው። በ1993 የታተመውና 16 ምልክቶችን ከ«የለም» እስከ «ከባድ» የሚያስመዝነው መጠይቅ መጀመሪያ የተሠራው ለአብራሪዎች ማሠልጠኛ መሣሪያዎች ሲሆን፣ ዛሬ ለቪአርም ያገለግላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሰውየው ዓይን ራሱ ይፈተሻል። የታወቀው ፈተና ትልቅ የዝንብ ሥዕል ነው፤ ልዩ መነጽር ያደረገ ልጅ ክንፏን ያዝ ሲባል ጣቶቹን ከወረቀቱ በላይ አየር ላይ ከገጠመ ጥልቀት ይታየዋል ማለት ነው። ሳይታከም የቀረ ሸውራራነት ያለበት ልጅ ግን ላይታየው ይችላል።

ስለዚህ ሌሎች ተደስተው በሚያዩት ስሪ ዲ ፊልም ቶሎ ራሱን የሚያመው፣ ወይም ጥልቀቱ ጭራሽ የማይታየው ልጅ ካላችሁ፣ «ፊልሙ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በቅርብ ወዳለ የዓይን ባለሙያ፣ ወይም ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ውሰዱት። እንዲህ ያለው ችግር በልጅነት ሲደረስበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።