ስልኩን ከእጃቸው አንንጠቅ

በአዲስ አበባ በምንኖርበት ሰፈር ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉን። ዕድሜያቸው ሰባ አምስትን አልፏል። በሥራ ላይ በነበሩበት ዘመን በመጀመሪያ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ፣ ኋላም የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ባንድ ደብዳቤ ላይ አንዲት ፊደል የተሳሳተች እንደ ሆነ ገጹን በሙሉ እንደገና የሚያስመቱ ጥንቁቅ ሰው እንደ ነበሩ አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ ይናገራሉ። እኒህ ሰው ባለፈው ክረምት ለሁለት ሳምንት ያህል ስልካቸው አይነሣም ሆነ። ልጆቻቸው በያሉበት ሆነው ቢደውሉ መልስ አጡ፤ በመጨረሻም ሄደን እንድናያቸው ወደ እኛ ላኩ። ስንገባ በደኅና ጤንነት ተቀምጠው መጽሐፍ ያነባሉ። ስልኩ ግን ተዘግቶ ሣጥን ውስጥ፣ ከታጠፈ ጋቢ ሥር ተቀምጧል።

ብዙ ከለመንናቸው በኋላ የሆነውን አጫወቱን። አንድ ንግግሩ የታረመ ሰው ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል» ይላቸዋል። ገንዘቡን ወደ ሂሳብዎ ለማስገባት ነው ብሎ የምሥጢር ቁጥራቸውንና በመልእክት የመጣላቸውን የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃቸዋል። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው፣ እንደ መዝገብ ቤት ልማዳቸው፣ ቁጥሮቹን ሳያሳስቱ አነበቡለት። ከጡረታ አበላቸው የቆጠቡት 4,800 ብር ወዲያው ከሂሳባቸው ወጣ።

«የገንዘቡስ ይሁን፤ ልጆቼ የሰሙ እንደ ሆነ ግን አረጀ ብለው ስልኩን ይወስዱብኛል» አሉን።

ይህን በሰማን ጊዜ ያፈርነው እኛ ነን። ምክንያቱም ያንን ሂሳብ የከፈትንላቸው፣ የምሥጢር ቁጥሩንም የመረጥንላቸው እኛው ነበርን። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም። ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ከስልኩ ጀርባ ለጠፍንና «ይኸውልዎ፣ አልቋል» ብለን ሄድን። ይህ ቁጥር እንደ ቤት ቁልፍ ያለ መሆኑን፣ እኛን ጨምሮ ለማንም መነገር የማይገባው መሆኑን አላስረዳናቸውም። እንዲያውም ቁጥሩን እኛ ይዘነው ሳለ «ለማንም አይንገሩ» ብንላቸው ኖሮ ቃላችን ምን ዋጋ በነበረው!

ስለ ሽማግሌዎችና ስለ አዲስ ዕቃ ሲነሣ «አይገባቸውም፣ ይቅርባቸው» የሚል ፍርድ በብዙ ቤት ይሰማል። ይቅርባቸው ማለት ግን ዛሬ የሚቻል ነገር አይደለም። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ደግሞ በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በስልክ በኩል እንዲሆን ታዘዘ። የመብራት ሂሳብም በስልክ ይከፈላል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ባንኮች ፋይዳን ይጠይቃሉ። በብርና በሳንቲም ሲገበያይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ይህ ሁሉ የመጣበት ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ የሚያሠለጥነው መሥሪያ ቤትም ሳይኖረው ነው። ስለዚህ ወይ ይማራል፤ ወይ ገንዘቡንና ጉዳዩን ሁሉ በሌላ ሰው እጅ አድርጎ ይኖራል።

የማይገባቸውስ ለምንድን ነው? በበኩላችን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ነገሩን ተከታትለን ተመልክተናል። አዛውንቱ «ይህ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ወጣቱ ስልኩን ከእጃቸው ይቀበልና አውራ ጣቱን ሦስት አራት ጊዜ አመላልሶ «ይኸው» ብሎ ይመልሳል። ጉዳዩ ተፈጽሟል፤ ትምህርቱ ግን አልተሰጠም። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ሲጠይቁ «ባለፈው አሳይቼዎት አልነበረም?» ይባላሉ። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ ሽማግሌ የለም።

በዓዲግራት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ጽሕፈት ያስተማሩን አንድ አባ ነበሩ። እርሳሱን ከተማሪ እጅ አይወስዱም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆሙና በቃል ብቻ ያስረዳሉ፤ ተማሪው እስኪያገኘው ድረስም ይጠብቃሉ። በዚያን ጊዜ ቸልተኛ ይመስሉን ነበር። አሁን እኛም እጃችንን አጣምረን በጎረቤታችን አጠገብ ስንቆም፣ አለመንካት ምን ያህል ትዕግሥት የሚፈጅ ሥራ መሆኑን አወቅን።

እንዲህ ቆመን ስናይ የማናውቀው ብዙ ነገር ተገለጸልን። የስልኩ መስተዋት ጣትን የሚያውቀው በቆዳ በኩል በሚያልፍ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የሽማግሌ ጣት ደግሞ ደረቅ ስለሚሆን መስተዋቱ አንዳንድ ጊዜ አይሰማውም። አልሰማ ሲላቸው ጠበቅ አድርገው፣ አቆይተው ይጫናሉ። አቆይቶ መጫን ግን ለስልኩ ሌላ ትእዛዝ ነው፤ ያልታሰበ ነገር ይከፈታል፣ እርሳቸውም ያበላሹት ይመስላቸዋል። መድኃኒቱ ጣትን በጥቂቱ ማርጠብና ነካ አድርጎ መልቀቅ ብቻ ነበር። የፊደሉንም መጠን «ቅንብሮች» ከሚለው ገብተን አተለቅነው።

የሰዓቱ ነገር ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ከሐኪም ዘንድ በ9:00 እንዲቀርቡ የሚል መልእክት ደርሷቸው በዘጠኝ ሰዓት ሄዱ። የተባለው ግን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ነበር ቀጠሮው በጧት ሦስት ሰዓት አልፏል። በስልኩ ላይ ያለው ቀንም ዓመትም የእኛ አልነበረም። እንግዲህ በዚህ ጊዜ የተሳሳተው ማን ነው? ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ የቆጠረው ሽማግሌ ነው ወይስ የማን ሰዓት እንደ ሆነ ሳይገልጽ የጻፈው?

ከሁሉ ያስደነቀን ግን ጽሕፈቱ ነው። የፊደላችን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የጽሕፈት መኪና መምቻዎች ደግሞ ሃምሳ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ከኢንጂነር አያና ብሩ ጀምሮ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ያዘጋጁት ሰዎች ዋናውን ፊደል መትቶ ቅጥያውን በማስከተል ካዕቡንም ሣልሱንም የማውጣትን ዘዴ ተጠቀሙ። ጎረቤታችን በዚህ ጥበብ ሃያ ዓመት ኖረዋል። በስልኩ ላይ የግዕዝ ፊደል ገበታ በከፈትንላቸው ጊዜ ግዕዙ ሲነካ ሰባቱ ቤቶች ተደርድረው ሲመጡ አዩና ሣቁ። «ይህ እኮ የእኔው መኪና ነው!» አሉ። በሦስተኛው ቀን ከእኛ ፈጥነው ይጽፉ ነበር። እኛማ፣ አይደበቅም፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ለምደን የራሳችንን ገበታ ረስተናል።

የመጀመሪያው መልእክታቸው ለሴት ልጃቸው ነበር። ከላይ ቀኑን፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ ስለ ጠፋው ገንዘብ» ብለው ርእስ ሰጥተው፣ የሆነውን ሁሉ በአራት አንቀጽ ዘርዝረው፣ ከግርጌ ስማቸውን አኖሩ። ልጅቱ ደንግጣ በላቲን ፊደል ብትመልስላቸው «በአገርሽ ፊደል ጻፊና አነበዋለሁ» አሏት። ስልኩን የሚወስድባቸው አልተገኘም። ሁለቱ ሳምንት ግን አስቀድሞ ባክኗል፤ በዚያው ዕለት በ127 ደውለው ቢያስታውቁ ኖሮ ቢያንስ ሂሳቡ በቶሎ ይታገድ ነበር። ይህን እንዳያደርጉ ያገዳቸው ኀፍረት ነው፤ ኀፍረቱን ደግሞ ቀድመን ያሳደርንባቸው እኛ ነን።

መማርን ዕድሜ አይከለክለውም ስንል ፊደል ለቆጠረ ብቻ አይደለም። በዓዲግራት ያሉት እናታችን ፊደል አልቆጠሩም፤ ጣታቸውም በምድጃና በመጅ የደነደነ ነው። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ስልክ ተቋርጦ ቆይቶ መስመሩ በ2015 ሲመለስ፣ በሪያድ ያለችውን እኅታችንን ፊቷን ለማየት ኢሞ የሚባለውን ተማሩ። ያስተማረቻቸውም የጎረቤት ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላት ሕፃን ናት፤ በሁለት ምሽት። በልጃቸው ፎቶግራፍ ላይ ነካ ማድረግ ብቻ ነው። እኛ ከዚህ ሆነን በስልክ ልናስረዳቸው በሞከርን ጊዜ ግን «ወደይ፣ ቀስ በል፤ ቸኩለህ ታስቸኩለኛለህ» ብለው ዘግተውብን ነበር።

ከጎረቤታችን ጋር የተስማማነው ደንብ ቀላል ነው። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ እንማራለን፤ እርሳቸውም በገዛ እጃቸው በደብተር ይጽፉታል። ገንዘብ መላክን የተለማመድነው በአሥር ብር ነው፤ እርሳቸው ለእኛ፣ እኛ መልሰን ለእርሳቸው፣ አሥር ጊዜ ያህል ተላላክን። መስተዋቱ እንቢ ሲልም *127# በመምታት ወደ ሂሳባቸው መግባትን ለመዱ፤ ይህ ቁልፍ ባለው ተራ ስልክም ይሠራል።

ባለፈው እሑድ አዲስ የምሥጢር ቁጥር እንዲያወጡ ተቀመጥን። የአሮጌውን ብጣሽ ወረቀት ከስልኩ ጀርባ ልጠው እሳት ውስጥ ጣሉት። ከዚያም ፊታችንን ወደ ግድግዳ እንድናዞር አዘዙን። ዞርን። ቁጥሩን ሲነኩ፣ ሲያስቡ፣ እንደገና ሲነኩ ብዙ ቆዩ። «ጨረስኩ» ሲሉ ተመለስንና፣ ልማድ ክፉ ነው፣ «ስንት አደረጉት?» ብለን ጠየቅናቸው።

በመነጽራቸው አናት ቀና ብለው አዩን።

«ልጄ፣ አንተን ምን አገባህ?»