ከባንኮኒው ጀርባ፦ የቤተሰብ ኮምፒውተር ጥገና ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ለመክፈት ሰፊ ቦታ አያስፈልግም። ሦስት ደንበኛ ሲገባባት የምትሞላ የሕንፃ ውስጥ ሱቅ፣ የመስታወት ባንኮኒ፣ ከጀርባዋ አንድ ጠረጴዛ፣ ደህና መብራትና ሁለት ሦስት ዲቫይደር ካለ ሥራው ይጀመራል። መገናኛ፣ ቦሌና መርካቶ ባሉ የገበያ ሕንፃዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ ሱቆች ግድግዳ ተጋርተው ይሠራሉ። ፊት ለፊት ቻርጀር፣ ማውስ፣ ፍላሽና የላፕቶፕ ቦርሳ ተሰቅሏል፤ የዕለት ወጪውን የሚሸፍነውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጥገናው ከኋላ ነው። ከእነዚህ ሱቆች ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት የቤተሰቦቹን ነው፦ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ካቻቢቴውን፣ እናት ወይም እህት ባንኮኒውንና ገንዘቡን፣ ትንሹ ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት መልስ ብሎኑን የያዙበትን ቤት።

ብሎን መልቀም የልጅ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ላፕቶፕ ሲፈታ ቁመታቸው የማይመሳሰል ብዙ ብሎኖች ይወጣሉ፤ ረጅሙ የአጭሩ ቀዳዳ ውስጥ ከገባና ከጠበቀ ጫፉ ማዘርቦርዱን ወግቶ ውስጡ የተቀበረውን የመዳብ መስመር ይበጥሳል። ኪቦርድ ለማስቀየር የመጣ ማሽን በብሎን ሞቶ ይመለሳል። ስለዚህ ልጁ ከመፍታት በፊት መደርደርን ይማራል። የትኛው ብሎን ከየት ጥግ እንደወጣ በወረቀት ላይ ሥሎ፣ በሥዕሉ ላይ ያስቀምጣቸዋል።

ባንኮኒው ላይ ያለችው እህት የቤቱ ግማሽ ባለሙያ ናት። ደንበኛ ይዞ የሚመጣው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አልነሳ አለኝ።» በዚህ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ብልሽቶች አሉ። ምንም መብራት የማያሳይ ማሽን ችግሩ ከኃይል ጋር ነው፦ ቻርጀሩ፣ መሰኪያው፣ ባትሪው ወይም ቦርዱ። መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ራሙ ወይም ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። የአምራቹ ዓርማ መጥቶ እዚያው ከቀረ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ወይም ዊንዶውሱ ይጠረጠራል። ይህን በጥያቄ የለየች እህት ወንድሟን ከከንቱ ድካም ታድነዋለች። «መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ነው?» «ወድቆ ነበር?» በመጨረሻም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምናልባት ፈሳሽ ነክቶት ይሆን?»

ፈሳሽ ነክቶታል ብሎ የሚያምን ደንበኛ ብርቅ ነው። ኪቦርዱ ሲነሳ ግን የሻዩ ስኳር ይመሰክራል። ጣፋጭ መጠጥ ከንጹሕ ውኃ ይከፋል፤ ውኃው ቢደርቅም ዝቃጩ እርጥበት እየሳበ ይቆይና ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት መዳቡን ይበላዋል። መፍትሔው ወዲያው ማጥፋት፣ ባትሪውን መንቀልና ሳያበሩ ማምጣት ነው። በጊዜ የመጣን ቦርድ በአልኮል አጥቦ ማዳን ይቻላል። ሩዝ ውስጥ ቀብሮ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ «እስቲ ልሞክረው» እያለ ደጋግሞ ሲያበራ የሰነበተ ሰው ግን ለጠጋኙ የተወለት ነገር ጥቂት ነው።

መብራትም የዚህ ሙያ አንዱ እንጀራ ነው። ዕቃውን የሚጎዳው በተለይ ሄዶ ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ ከፍ ያለው ኃይል የዴስክቶፑን ፓወር ሰፕላይ ይመታዋል። ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳ የሚቀበለውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሚለውጥ ሣጥን ነው። በብዙዎቹ የቀድሞ ሣጥኖች ላይ ከኋላ በኩል 115 ወይም 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አለች። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አሮጌ ዴስክቶፕ መቀያየሪያዋ 115 ላይ እንዳለች ከተሰካ አንድ ጊዜ ጧ ይልና ሽታው ሱቅ ድረስ ይከተለዋል። ለላፕቶፕ ይህ ሥጋት የለም፤ ቻርጀሮቹ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ። ፓወር ሰፕላይ ሞቷል ወይስ ቦርዱ ነው የሚለውን ለመለየት የወረቀት መያዣ ሽቦ ይበቃል፦ ሣጥኑን ከቦርዱ ነቅሎ፣ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ማገናኘት። ፋኑ ከዞረ ሣጥኑ ቢያንስ ነፍስ አለው፤ ቀሪውን ቴስተሩ ይናገራል።

እዚህ ላይ የሙያው ዋና ነገር ይመጣል። ጠጋኝ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው በመጠገን ላይ አይደለም፤ የተበላሸውን በመፈለግ ላይ ነው። ፍለጋው ደግሞ በመቀነስ የሚሠራ ነው። ደህና መሆኑ የታወቀ ራም ይገባል፤ ካልተነሳ ራሙ ነጻ ወጣ። የራሙ ወርቃማ ጥርሶች በተማሪ ላጲስ ይታሻሉ፤ ይህ ቀልድ የሚመስል ሥራ ብዙ «ሞቷል» የተባለ ማሽን አስነስቷል። ደህና ቻርጀር ይሰካል፣ ሌላ ስክሪን ይገጠማል። በሱቁ መደርደሪያ ላይ ተከምረው ቆሻሻ የሚመስሉት አሮጌ ላፕቶፖች ለዚህ ነው የማይጣሉት። የሞተ ማሽን ለሌላው ማሽን መመርመሪያ ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። በቴስተር ሲለካ አንደኛው የኃይል መስመር ከመሬት ጋር የተገናኘ፣ ማለትም ሾርት ያደረገ ከሆነ፣ በመስመሩ ላይ በርካታ ካፓሲተሮች ስላሉ የትኛው እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ያኔ ጠጋኙ ቦርዱን በአልኮል ይቀባና ዝቅተኛ ቮልት ይለቅበታል። ሾርት ያደረገው ዕቃ ይሞቃል፤ አልኮሉ ከሁሉ ቀድሞ እዚያ ላይ ይደርቃል። ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ካፓሲተር ናት። በሆት ኤር፣ ማለትም በሙቅ አየር መንፊያ፣ ትነሳለች፤ ብዙ ጊዜ ሌሎቹ አብረዋት የሚሠሩ ስለሆኑ ቦታዋ ባዶ ቢቀርም ማሽኑ ይነሳል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። «ይህቺ ናት? ለዚህች ነው ይህን ያህል ብር?» ደንበኛው አልተሳሳተም፤ ዕቃዋ ዋጋ የላትም። «ጋሼ፣ የትኛዋ እንደሆነች ማግኘቱ ነው የፈጀብን» ትላለች ባንኮኒ ላይ ያለችው። ሰው ለዕቃ መክፈል ያውቃል፤ ለፍለጋ መክፈል ግን የሚከብደው ብዙ ነው። «ካልተሠራ አይከፈልም» የሚለው የብዙ ሱቆች ልማድ ይህንኑ ያባብሰዋል፦ ጠጋኙ ግማሽ ቀን ፈልጎ «አይሆንም» ካለ የዚያ ግማሽ ቀን ዋጋ ባዶ ነው። ደመወዝ የሚከፍል ሱቅ ይህን ብዙ ሊሸከም አይችልም። የቤተሰብ ሱቅ የሚችለው የልጁና የእህትየዋ ሰዓት በሒሳብ መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ነው። ሰዎች ይህን የቤተሰብ ፍቅር ይሉታል፤ እኔ ግን ደንበኛው ሳይከፍል የቀረውን እነሱ ከጉልበታቸው እየከፈሉለት ነው እላለሁ። አነስተኛ የምርመራ ክፍያ አስቀድመው የሚጠይቁ ሱቆች ደንበኛ ቢያጡም ትክክል ናቸው።

በዚህ ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚፈራው ቃል «ፎርማት አድርግልኝ» ነው። ተናጋሪው ማሽኑ እንዲፈጥንለት ፈልጎ ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍና የሠርግ ፎቶ አብሮ እንደሚጠፋ ላያስብ ይችላል። ፍላሽ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ «ሾርትካት» ሆኖብኝ ጠፋ ብሎ የመጣ ሰውም አለ። ቫይረሱ ፋይሎቹን ደብቋቸዋል እንጂ አላጠፋቸውም፤ የመደበቂያ ምልክቱን የሚያነሳ የአንድ መስመር ትዕዛዝ ይመልሳቸዋል። ጀማሪ ግን ፍላሹን ፎርማት አድርጎ «ዳነ» ይላል።

የአማርኛ ሰነድም የራሱ ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከገባ ብዙ ጊዜ ቢሆንም፣ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ውሎች፣ ፈተናዎችና የዕድር ደንቦች ዛሬም አሉ። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ሲጫን ፎንቶቹ አብረው ይሄዱና ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ድርድር ሆኖ ይከፈታል። ደንበኛው ተቆጥቶ ይመለሳል። ፋይሉ ግን ደህና ነው፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሱቅ እነዚህን ፎንቶች በአንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጦ ከዊንዶውሱ እኩል ይጠብቃቸዋል።

ሌላው የአገር ቤት ብልሽት ዓመተ ምሕረት ነው። ቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስትሞት ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ባለቤቱ ቀኑን በራሱ ሊያስተካክል ይሞክርና በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። ከዚያ ወዲያ «ኢንተርኔቱ አልሠራ አለ»። ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሄደ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ማረጋገጫ ገና ያልጸና አድርጎ ያየዋል፣ አይከፍታቸውም። ቀኑ ሲስተካከል ሁሉም ይከፈታል። ለዚህ ገንዘብ የሚቀበል ጠጋኝ አለ፤ የማይቀበለው ደንበኛ ያተርፋል።

እውነተኛ ሱቅ እምቢ የሚልበትም ሥራ አለ። ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክ ከመጣ ማሽኑ ወዲያው መጥፋት አለበት። የማንበቢያው ራስ ከሚሽከረከረው ሳሕን በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ነው፤ በአዲስ አበባ አቧራ ውስጥ ክዳኑን መክፈት የቀረውን ፋይል መቅበር ነው። ፎልደር መበርበርም እንዲሁ ክልክል ነው። ላፕቶፕ ከነፓስወርዱ ሲሰጥ የሰው ቤት ቁልፍ ተሰጥቷል፤ አንዳንድ ሴቶች ማሽናቸውን ለእህትየዋ ካልሆነ አንሰጥም የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተሰብ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ወንድሙ ፎቶ ሲከፍት እህቱ ከኋላው ቆማለች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫው ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነውና ስክሪንና ባትሪ ተወደደ፤ አዲስ ላፕቶፕ ግን ከዚያ በላይ ሸሸ። ሰው ወደ ጥገና ዞረ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር ለቆየ ማሽን ከሚደረጉት ሁሉ የሚበልጥ ውለታ ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚፈልገው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ነው። «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው የተገዙ ብዙ ላፕቶፖች ከዚህ በታች ናቸው። የሱቆቹ መልስ አንድ አይደለም፤ አንዱ መስፈርቱን አልፎ ይጭናል፣ ሌላው ዊንዶውስ 10ን እንዳለ ያቆየዋል፣ ሊኑክስ የሚያቀርቡም አሉ፤ ደንበኛ ግን «ወርዱ የታለ?» ይላል።

አባቶች ከሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና በወረሱት ቴስተርና ሊድ ይሠሩ ነበር፤ ልጆች ግን አሁን ማይክሮስኮፕና የቦርድ ንድፍ ይፈልጋሉ። በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ይመጣል፤ ደህና ራም አስገብቶ መሞከር፣ ላጲስ ማሸት፣ ከመደርደሪያው አውርዶ መግጠም የለም። በቀድሞዎቹ ላይ ራም መቀየር የልጁ ሥራ ነበር፤ በእነዚህ ግን ችፑን በሆት ኤር አንስቶ ሌላ የሚተካ እጅ ያስፈልጋል።