ምን ይደግ? ከማን ውኃ?

ኦጎልቾ የከተማም የስንዴም ስም ነው። ከተማዋ የአርሲው የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ስንዴው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝርያ ነው። እኔ እዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ከሥራዬ ብዙው «ዘንድሮ ከአምናው በስንት ኩንታል በለጠ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማቅረብ ነው። ሁልጊዜ መብለጥ አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ለብዙ ጊዜ ነውር መስሎ ይታየኝ ነበር።

«እድገት በቃ» የጠገበ ሰው ንግግር ይመስላል። ክረምት ገብቶ ጎተራ ሲራቆት፣ እናቱ ከጎረቤት ዱቄት ስትበደር እያየ ያደገ ሰው፣ ስለ እድገት ወሰን አፉን ሞልቶ አይናገርም። እኔም ዝም ብዬ ኩንታሉን ስደምር ኖሬአለሁ፤ ውስጤ ግን አላረፈም።

ያሳረፈኝ የአያቴ ታሪክ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ሰው የሚያውቀው «ካዱ» ብሎ ነው። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ መጣ፤ ምርቱም በእርግጥ አደገ። ስንዴ አዋጪ መሆኑ ሲታይ ግን ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኛ አስነሡ። አያቴም በባለመሬታቸው ተነሥተው፣ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ለሰው በቀን ሥራ ሲያጭዱ ቆዩ። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች «የእድገት ወሰን» የተባለውን ዝነኛ ጥናት በ1972 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ፣ ጭላሎ ላይ ጭሰኛው ጓዙን እየጫነ ነበር። የዚያን ዘመን ምርት የደመረ ሰው አልዋሸም። አያቴ ግን በድምሩ ውስጥ አልነበሩም።

የአገር ገቢ የሚለካበትን ስሌት ካበጁት አንዱ ሳይመን ኩዝኔትስም፣ የሕዝብ ደህንነት ከገቢ ድምር ብቻ እንደማይታወቅ በ1934 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ሴኔት ባቀረበው ሪፖርት አስጠንቅቋል። ይህን ከአያቴ ታሪክ ጋር ሳነብ፣ የእድገት ወሰን ጥያቄ የድሃም ጥያቄ መሆኑ ገባኝ። እንዲያውም ከድሃ በላይ ማን ይጠይቀው?

ዛሬ ነገሩ በውኃ መጥቶብናል። የቀጠር ወንዝ ከአርሲ ደጋ ወርዶ በእኛ በኩል ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይሄዳል። አብያታ መውጫ የላትም፤ የምትኖረው በአብዛኛው በተረፈው ነው። ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ የተቀዳው ውኃ ከዝናቡ መለዋወጥ ጋር ተደምሮ ስፋቷ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ውኃው ጨው ሲበዛበት ዓሣው ጠፋ፤ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ አብያታ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖችም ምግባቸውን ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ።

ቀጠር ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አዛውንት አሉ። ሞተሩ ይንተከተካል፣ ቱቦው አፈሩ ላይ ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ ሞተሩን እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚያስነሡት?»

«ጎረቤቴ እስኪያጠፋ ነዋ ልጄ። እኔ ባጠፋ እሱ ይወስደዋል።»

እሳቸው ስግብግብ አይደሉም። የልጅ ልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፍነው ያ ሽንኩርት ነው። ብቻቸውን ቢያጠፉ እሳቸው ይከስራሉ እንጂ ወንዙ አይተርፍም። ስለዚህ «ተው» ብዬ ልመክራቸው አልደፈርኩም፤ የሞተር ተራ ለሁሉም እኩል ካልተደነገገ ምክሩ ግፍ ነው።

እህላችን ማደግ አለበት፤ ይህን ማንም አያስክደኝም። ሆኖም የተሻለ ዘር ዋግን ተቋቁሞ ከዚያው ሄክታር ብዙ ሲሰጥ አንድ ነገር ነው፤ የቡልቡላ ዳር ሰው የሚጠብቀውን ውኃ ቀድቶ ብዙ ማምረት ሌላ ነው። በሪፖርቱ ሁለቱም እንደ አንድ ዓይነት ኩንታል ይደመራሉ። እኔ አሁን ከኩንታሉ አጠገብ ውኃው ከየት እንደተቀዳና ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ እጽፋለሁ። ቅጹ ቦታ ስለሌለው ጀርባው ላይ ነው የምጽፈው። በየስብሰባውም ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ የሞተር ተራ ደንብ ይውጣ፣ ደንቡ ሲወጣም የቡልቡላ ዳር ገበሬዎች ይጠሩ።